ምዕራፍ ሰባት፦ ወለሉ ላይ የተሳለው ሰፈር

ሙዚየም ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን መስታወት ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ዘውድ፣ ጋሻ፣ የብራና መጽሐፍ ወይም የድንጋይ መሣሪያ ተቀምጧል፤ ከመስታወቱ ወዲህ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እናልፋለን። በዚህ አሠራር ዕቃው ቀድሞ አለ፣ ጎብኚው በኋላ ይመጣል። የውይይት መድረኩ፣ የሕፃናት ቀኑ፣ የመታሰቢያ በዓሉና የሙዚቃ ምሽቱ ከዚያም በኋላ የሚታሰቡ ናቸው። በጀት ካለ ይዘጋጃሉ፣ ከሌለ ይቀራሉ።

የአንድ አካባቢ ታሪክ ሙዚየም በዚህ ስሌት ብዙ አይራመድም። የሰፈር ታሪክ ዘውድ የለውም። ያለው የዱቤ ደብተር፣ የሠርግ ፎቶግራፍና የእድር መዝገብ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በነዋሪው ራስ ውስጥ ያለው ነው፦ ማን ከማን ጋር ይጎራበት እንደነበር፣ ዳቦ ቤቱ የማን እንደነበር፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት የት እንደነበር፣ የማን ግቢ በር ሌሊትም እንደማይዘጋ። ይህን ሀብት ግምጃ ቤት አስገብቶ መቆለፍ አይቻልም። የሚወጣው ሰዎች ሲሰባሰቡ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲያርመው ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም ይኸው ነው፦ በአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ሕዝባዊ ዝግጅት ስብስቡ ራሱ የሚገኝበት መንገድ ነው።

ይህን ከማንም በላይ አጉልቶ የሚያሳየን በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን የሚገኘው የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ነው። ሲጀመር በእጁ የነበረው ዕቃ እጅግ ጥቂት ነበር። የሚዘክረው ሰፈርም በዶዘር ተጠርጎ ሣር በቅሎበት ነበር። (ስለ ደቡብ አፍሪካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረሰው ወረዳ

ዲስትሪክት ሲክስ ከዴቪልስ ፒክ ተራራ ግርጌ፣ ከወደቡና ከመሃል ከተማው በእግር የሚደረስበት ሰፈር ነበር። በ1867 የኬፕታውን ስድስተኛ የማዘጋጃ ቤት ወረዳ ሆኖ ሲከለል ስሙም በዚያው ጸና። ከባርነት የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው፣ የወደብ ሠራተኞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ባለሱቆች፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች፣ ሕንዶች፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የገቡ የኮሳ ተናጋሪዎች በአንድነት ኖረውበታል። ዋናው መንገድ ሃኖቨር ስትሪት ሱቆቹ፣ ሲኒማ ቤቶቹና የዓሣ ገበያው የሚገኙበት የሰፈሩ እምብርት ነበር። ድህነቱ ግን አይካድም። አከራዮች ቤት አያድሱም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ታጭቆ ያድራል፤ የወሮበሎች ቡድንም አይጠፋውም ነበር።

የአፓርታይድ መንግሥት በ1950 ያወጣው ሕግ የከተሞችን መሬት በዘር እየሸነሸነ ማን የት መኖር እንደሚችል ይወስን ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1966 ዲስትሪክት ሲክስ «የነጮች መኖሪያ» ተብሎ ታወጀ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ሰፈሩ የቆሸሸና የወንጀል መናኸሪያ ነው የሚል ነበር። ማስለቀቁ ከሁለት ዓመት በኋላ ተጀመረና እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ60,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። የተወሰዱት ኬፕ ፍላትስ ወደሚባለው፣ ከተራራው ርቆ ወደተዘረጋው አሸዋማና ነፋሻማ ሜዳ ነው። ድልድሉም በዘር ነበር። በመታወቂያቸው «ከለርድ» የተባሉት ማለትም በመንግሥት አመዳደብ ድብልቅ ዘር ያላቸው ወደ ማነንበርግ፣ ወደ ቦንትሄቨልና ወደ ሃኖቨር ፓርክ ሄዱ፤ አፍሪካውያን የተባሉት ወደ ላንጋ፣ ወደ ጉጉሌቱና ወደ ኒያንጋ። አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያመሹ የነበሩ ጎረቤታሞች በሕግ ወደ ተለያዩ አቅጣጫዎች ተበተኑ። ሃኖቨር ፓርክ የተባለው አዲስ ሰፈር ስሙን የወሰደው መንግሥት ራሱ ካፈረሰው መንገድ ነው።

ከአምልኮ ቤቶችና ከጥቂት ሕንፃዎች በቀር ሁሉም ፈረሰ። የታሰበው የነጮች ሰፈር ግን እንደታሰበው አልተሠራም። ተቃውሞው ስለበረታ ግንበኛ ኩባንያዎች መሬቱን ሸሹት። መንግሥት በከፊሉ ላይ የቴክኒክ ኮሌጅ ሠራበት፤ ቀሪው ጭው ያለ ሜዳ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ከመሃል ከተማው አጠገብ ቆየ። በ1980ዎቹ መገባደጃ ላይ መሬቱን ለሌላ ልማት የማዋል ሐሳብ ሲነሳ፣ የቀድሞ ነዋሪዎችና ደጋፊዎቻቸው «እጃችሁን ከዲስትሪክት ሲክስ ላይ አንሱ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። የሙዚየሙ ሐሳብ የተወለደው ከዚሁ ዘመቻ ነው። በ1989 ፋውንዴሽን ተቋቋመ።

ለሁለት ሳምንት የተዘረጋ ኤግዚቢሽን

ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን ዴሞክራሲያዊ ምርጫ ባካሄደችበት ዓመት፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1994 ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ሙዚየሙ ቦይተንካንት ጎዳና ላይ በሚገኝ የቀድሞ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተከፈተ። የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን «ጎዳናዎች» የሚል ነበር። የታሰበለት ዕድሜ ሁለት ሳምንት ነው። ሕዝቡ አላዘጋ አለ።

ለኤግዚቢሽኑ መነሻ የሆኑት ከ70 በላይ የጎዳና ስም ሰሌዳዎች ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ በማፍረሱ ሥራ ላይ የነበረ አንድ የሠራተኞች አለቃ ሰሌዳዎቹን ከመጣል ይልቅ ቤቱ ወስዶ ደብቋቸው ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ለሙዚየሙ አስረከበ። ሰሌዳዎቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለው፣ የሌሉ ጎዳናዎች ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ቆመ።

ከሰሌዳዎቹ ሥር ወለሉ ላይ የሰፈሩ ትልቅ ካርታ በእጅ ተሳለ። የቀድሞ ነዋሪዎች እየመጡ ቤታቸው የነበረበትን ቦታ ፈልገው ስማቸውን እንዲጽፉበት ተጋበዙ። አጠገቡ ረጅም አቡጀዲ ተሰቀለ። ይህኛው ላይ የፈለገ ስሙን፣ የድሮ አድራሻውን ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር በቀለም ብዕር ይጽፋል፤ ከዚያ ጽሑፉ በክር ተጠልፎ እንዳይለቅ ይደረጋል። አንዱ አቡጀዲ ሲሞላ ሌላ ይቀጠላል። እንዲህ ሲቀጣጠል የጨርቁ ርዝመት ከአንድ ኪሎ ሜትር አልፏል።

እንግዲህ ልብ እንበል። በመክፈቻው ዕለት ካርታው ስም ያልተጻፈበት ነበር፣ ጨርቁም ባዶ አቡጀዲ። ዛሬ የሙዚየሙ ዋና ቅርሶች የሚባሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሞሏቸው ጎብኚዎቹ ናቸው።

ካርታው ለምን ሠራ?

ወለል ላይ ካርታ መሳል ቀላል ነገር ይመስላል። ብዙ ሙዚየሞች ግን «አስተያየትዎን ይጻፉ» የሚል መዝገብ በር ላይ አስቀምጠው የሚያገኙት «በጣም ደስ ብሎኛል፣ በርቱ» የሚል ብቻ ነው። ልዩነቱ ከጥያቄው ይጀምራል። መዝገቡ የሚጠይቀው ስሜትን ነው፤ ካርታው የሚጠይቀው ቦታን ነው። «ስለ ሰፈርዎ ምን ያስታውሳሉ?» ሲባል ሰው ይጨንቀዋል፣ ወይም ሁሉም የሚለውን ይደግማል። «ቤትዎ የት ጋ ነበር?» ሲባል ግን ጣቱ ራሱ ይሄዳል። ጣቱ አንዴ ቤቱን ካገኘ ደግሞ አይቆምም፤ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ፣ ከዚያ ወደ ሲኒማ ቤቱ።

ሁለተኛው ምክንያት ካርታው የጋራ መሆኑ ነው። ሁለት የሰፈር ሰዎች አንድ ማዕዘን ላይ ሲገናኙ አለመስማማታቸው አይቀርም። አንዱ ፀጉር አስተካካዩ ከመንገዱ በዚህ በኩል ነበር ሲል ሌላው በዚያኛው ነው ይላል። ሌላ ቦታ ይህ ዓይነቱ ክርክር የስህተት ምንጭ ተብሎ ይፈራል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ራሱን ለማስረዳት የሚጠራው ማስረጃ ያልተጻፈ ታሪክ ነው፦ የእናቱ ልብስ የተሰፋበት ቤት፣ የመጀመሪያ ሥራው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይሄድበት የነበረው አቋራጭ። የሙዚየሙ ባልደረቦች እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን እየተከተሉ የሕይወት ታሪኮችን በድምፅ ሲቀዱ ቆይተዋል፤ የድምፅ መዝገቡ ከወለሉ ካርታ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ሦስተኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው። በመደበኛው ሙዚየም አዋቂው ባለሙያው ነው፤ ጎብኚው ይሰማል። ቤቱን ካርታው ላይ የሚያሳይ ሰው ግን በዚያች ስንዝር ቦታ ላይ ከፕሮፌሰሩ ይበልጣል። ሙዚየሙ ይህን የአስጎብኚነት ሥራው ላይም አዋለው፤ ለረጅም ጊዜ ያስጎበኙት የቀድሞ ነዋሪዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ኑር ኢብራሂም የታወቀ ነው። ርግብ አርቢ ነበር። ቤቱን ለቅቆ አትሎን ወደሚባለው ሰፈር ሲዛወር ርግቦቹንም ይዞ ሄደ፤ አዲሱን ቤት እንዲለምዱ ለወራት አስገብቶ አቆያቸው። በመጨረሻ ሲለቃቸው ማታ አልተመለሱም። በኋላ ያገኛቸው ድሮ ቤቱ በነበረበት ባዶ መሬት ላይ ቆመው ነው። ይህን ከመጽሐፍ ያነበበ ሰውና ከባለቤቱ አፍ፣ እዚያው ካርታው ላይ ቆሞ የሰማ ሰው እኩል አይሆኑም። መጽሐፉ የርግቦቹን ነገር ይነግረዋል፤ ባለታሪኩ ግን ጥያቄ ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ራሱ ይጠይቃል።

ዓመታዊው ጉዞ

ዝግጅት ሲባል በየጊዜው አዲስ ነገር መፍጠር የሚመስለው ብዙ ነው። የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ከሚታወቅባቸው ዝግጅቶች ዋነኛው ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው። ፌብሩዋሪ 11 ሲደርስ የቀድሞ ነዋሪዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ተሰብስበው ሰፈሩ ወደነበረበት መሬት በእግር ይሄዳሉ። እዚያ የድንጋይ ክምር አለ፤ እያንዳንዱ ሰው ወይም ቤተሰብ ድንጋይ ያኖርበታል።

መደጋገሙ ነው ሥራውን የሚሠራው። ቀኑ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ጥሪ ባይደርስም ሰው ያውቀዋል። አካሄዱም ለሽማግሌውም ለሕፃኑም ቀላል ነው፤ ድንጋይ ለማኖር ንግግር ማወቅ አያስፈልግም። ሰፈሩ ሲፈርስ ያልተወለደው ልጅ አያቱን ተከትሎ ሲሄድ፣ ሜዳው ላይ «እዚህ ጋ ነበር» ስትል ይሰማል። ካርታው ሕንፃ ውስጥ ያደረገውን ጉዞው ሜዳ ላይ ያደርገዋል።

የመንግሥት አዋጅ የወጣበትን ቀን ለመታሰቢያ መምረጥም ሐሳብ ያለበት ነው። አዋጁ ያን ቀን የመጨረሻ ሊያደርገው ነበር የፈለገው። በ2004 በዚያው ቀን፣ ከአዋጁ 38 ዓመት በኋላ፣ ኔልሰን ማንዴላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ተመላሾች የአዲስ ቤት ቁልፍ አስረከቡ። ተቀባዮቹ የ87 ዓመቱ ኢብራሂም ሙራትና የ82 ዓመቱ ዳን ንድዛቤላ ነበሩ። የሙዚየሙ የዘመን መቁጠሪያ የአገሪቱ የዜና ቀን ሆነ።

ከካርታ ወደ ኩሽና

ካርታ ላይ ቤቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ የቤቱን ቁጥር ነው የሚነግረን። ቤቱ ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ለማወቅ ሌላ መግቢያ ያስፈልጋል። ሙዚየሙ ያገኘው መግቢያ ምግብ ነው። «ሄይስ ኮምበይስ» በተባለው ፕሮግራም፣ ይህም በአፍሪካንስ የቤት ኩሽና ማለት ነው፣ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ነዋሪዎች እየተሰባሰቡ ያበስሉት የነበረውን ምግብ አሠራር አወሩ፣ ጻፉ፣ ጨርቅ ላይ ጠለፉ። ሥራው ተጠራቅሞ በ2016 የምግብ አሠራርና የትዝታ መጽሐፍ ሆነ።

ምግብ የሚያወጣው ነገር ከሌላ ጥያቄ አይገኝም። በቲማቲም ቀስ ብሎ የሚበስለውን የሥጋ ወጥ የምታስረዳ እናት ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ በዱቤ ይወሰድ እንደነበር ሳታነሳ አታልፍም። እሑድ ጠዋት የሚበላው፣ በቅመም ተለውሶ በዘይት የሚጠበሰው ኩሲስተር ሲነሳ ሰሃን ይዘው የሚላኩት ልጆች ይነሳሉ። ለፋሲካ በኮምጣጤና በቅመም የሚዘጋጀው ዓሣ በኬፕታውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት የሚሠራ ነው፤ የእምነት ድንበር በየቤቱ እንዴት ይታለፍ እንደነበር ከስብከት ይልቅ ይህ ይናገራል። ሌላም ነገር አለ። ዘመቻውንና ፖለቲካውን የሚያወሩት ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው። ዝግጅቱ ኩሽና ሲገባ በስብሰባ ላይ ዝም የሚሉ ሴቶች ዋና ተናጋሪ ይሆናሉ። የዝግጅት ዓይነት ሲመረጥ ማን እንደሚናገርም አብሮ ይመረጣል።

ሙዚየሙ ችሎት ሲሆን

በ1994 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የመሬት ማስመለሻ ሕግ በዘር ሕጎች የተፈናቀሉ ሰዎች መብታቸውን እንዲጠይቁ በር ከፈተ። በዲስትሪክት ሲክስ ብዙው ሰው ተከራይ ነበር፤ ሕጉ ተከራይንም ጠያቂ አድርጎ ተቀበለ። በ1997 ስለ ሰፈሩ መሬት የሚከራከረው ችሎት የተሰየመው ሙዚየሙ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የቀድሞ ነዋሪዎች ዳኛ ፊት የተቀመጡት ስማቸው በተጻፈበት ካርታ ዙሪያ ነው።

ይህ ለሙዚየም ሰዎች ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። ሙዚየም ገለልተኛ መሆን የለበትም ወይ? ዲስትሪክት ሲክስ ጥያቄውን የመለሰው በአሠራሩ ነው። ሰው ቤቱ የት እንደነበር ጠይቀኸው ካሳየህ በኋላ፣ ቤቱ ይመለስለት ወይስ አይመለስለት ለሚለው ነገር ጆሮህን መድፈን አትችልም። ሙዚየሙ በ1999 ከተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች ጋር ሆኖ የሕሊና ቦታዎች ዓለም አቀፍ ጥምረትን ከመሠረቱት አንዱ የሆነውም በዚህ አቋሙ ነው። የጥምረቱ መነሻ ሐሳብ ያለፈውን የሚያስታውስ ቦታ የዛሬን ጥያቄ ለውይይት የማቅረብ ግዴታ አለበት የሚል ነው።

ካርታው ላይ የሌሉት

በትዝታ የሚሠራ ሙዚየም ትዝታ ያሳምረዋል። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ሁሉም ተፋቅሮ ይኖር እንደነበር ይወራል፤ የፈሰሰው ፍሳሽና የወሮበላው ስለት ይረሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ተጨማሪ ሰው መጥራት ነው።

ከሁሉ የከፋው መረሳት የአፍሪካውያኑ ነበር። ሰፈሩ የ«ከለርዶች» ብቻ ነበር የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። እውነታው ግን ማፈናቀሉ ራሱ የጀመረው በእነሱ ላይ መሆኑ ነው። በ1901 ኬፕታውን በወረርሽኝ ስትመታ፣ ባለሥልጣናት ወረርሽኙን ሰበብ አድርገው ጥቁር አፍሪካውያንን ከዲስትሪክት ሲክስ አውጥተው ከከተማ ውጪ አሰፈሯቸው። ከዚያ በኋላም የቀሩና ተመልሰው የገቡ ነበሩ። በ1998 ኖምቩዮ ንግሴልዋኔ በዲስትሪክት ሲክስ ስላሳለፈችው የልጅነት ሕይወት የጻፈችው መጽሐፍ ያን ወሬ ከሥሩ የሚነቅል ነው። የመሬት ማስመለሻ ሕጉም የራሱ ክፍተት አለው፤ የሚቀበለው ከ1913 ወዲህ የተወሰደን መሬት ብቻ ስለሆነ የ1901ዎቹ ተፈናቃዮች ልጆች መጠየቅ አይችሉም። ሕግ ያልቆጠራቸውን ሊቆጥር የሚችለው ሙዚየሙ ብቻ ነው፤ እነሱን ለማስገባት ግን በሩን ከፍቶ መጠበቅ አይበቃውም። ሳይጠሩ የሚመጡት ሰፈሩ የእኛ ነው ብለው የሚያምኑት ናቸው። የተረሳው ሰው እስኪፈለግ ድረስ አይመጣም።

ገንዘብና ዕድሜ

በሰው የቆመ ሙዚየም ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ገንዘብ ነው። የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ከፍተኛ ድርሻ ያለው ገቢው ከውጭ አገር ጎብኚ መግቢያ ክፍያ ነበር። በ2020 ኮሮና ድንበር ሲያዘጋ ገቢው ደረቀ፤ ሙዚየሙ እንዳይዘጋ ሕዝቡን እርዳታ ጠየቀ። እዚህ ላይ ግጭት አለ። ዝግጅቶቹ የሚደረጉት ለሰፈሩ ሰው ነው፤ ወጪያቸውን የሚሸፍነው ግን ቱሪስቱ ነው። ሙዚየሙ ባለው ተጨማሪ ሕንፃ ውስጥ ለአሥር ዓመት ያህል የሠራው ፉጋርድ ቲያትር በ2021 ሲዘጋ ሕንፃው ወደ ሙዚየሙ ተመልሶ የቀድሞ ነዋሪዎች መሰብሰቢያና የትርኢት ማዕከል ሆነ። ሥራው ሰፋ፤ ወጪውም አብሮ።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። አዋጁ ሲወጣ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ወደ 80 ተጠግቷል። ካርታውን በእጁ የሚያሳይ ሰው በየዓመቱ ይቀንሳል። ሙዚየሙ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቅጂና ልጆች ናቸው፦ ድምፁን ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ወጣቶችን ከሽማግሌዎች ጋር በአንድ ሥራ ላይ ማገናኘት። የሚያስታውስ ሰው የመኖሩን ዋጋ የሰፈሩ ስም ያሳያል፤ የማፍረሱ ዘመን መንግሥት ሰፈሩን ዞንብሉም የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። በ2019 መጨረሻ የቀድሞው ስም በይፋ ተመለሰ። ስም የሚመለሰው የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያስጠራው የቆየው ይህ ቤት ነው።

ከዚህ ለእኛ የሚተርፈን

በአገራችን ይህ አሠራር ባዕድ አይደለም። መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ለጎብኚው ከሚያስረዱት መካከል በእስርና በግርፋት ያለፉ ሰዎች ነበሩበት። እዚያ የገባ ሰው የሚያስታውሰው ከሥዕሉ ይልቅ ያስረዳውን ሰው ነው። የጎደለን ይህን አሠራር ለሰፈርና ለከተማ ታሪክ ማዋል ነው።

ጊዜውም አስቸኳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከትሏል። ነዋሪዎቻቸው ወደ ተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ይህ በዘር ሕግ ከተደረገው ማፈናቀል ጋር አንድ አይደለም፤ አንድ ማድረግ ሁለቱንም ታሪክ ማዛባት ነው። የልማቱ ተገቢነትም የተለያየ አስተያየት ያለበት ነው። ሙዚየም የሚሠራ ሰው ግን የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ካርታው ገና በአእምሯቸው ውስጥ ነው፣ ተበትነዋል።

ለዚህ የሚሆን መነሻ በእጃችን አለ። እድር አለን። ሰፈር ሲፈርስ እድር ወዲያው አይፈርስም፤ አባላቱ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላም ለቀብርና ለወር መዋጮ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። መዝገቡ ውስጥ የአባል ስም፣ አንዳንዴም የቤት ቁጥር አለ። የእድር ስብሰባ ቀኑ የታወቀ፣ ሰዉ ሳይለመን የሚመጣበት፣ ሽማግሌውም ወጣቱም የሚገኝበት ነው። ለዝግጅት አዘጋጅ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በአንዱ ስብሰባ ማለቂያ ላይ የሰፈሩን የድሮ ካርታ ወይም የአየር ፎቶግራፍ አትሞ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት፣ አንድ ወጣት ደብተርና የስልክ መቅጃ ይዞ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ አቡጀዲ ይዘርጋ። ጥልፍ የሚችሉ እናቶች አይጠፉም።

የዞንና የከተማ ሙዚየም ሲታሰብ የተለመደው ቅደም ተከተል ሕንፃ፣ ዕቃ፣ ከዚያ ዝግጅት ነው። የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ሕንፃው ሲደርስ የሚናገሩት ሰዎች አይኖሩም። ዲስትሪክት ሲክስ ከመጨረሻው ጀመረ። ሰው ጠራ፣ ሰው የሠራውን ዕቃ አደረገ፣ ሕንፃው የነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለ አንድ ባለሙያ ለዚህ አዲስ የበጀት ርዕስ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የቆመ ቀጠሮ፣ ትልቅ ካርታና ለጊዜው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እማማ፣ ቤትዎ የት ጋ ነበር?»። መልሱን ሲያገኝ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጎረቤታቸውን ነው፤ ከዚያ ማዕዘኑ ላይ የነበረውን ባለሱቅ፤ ከዚያ ማንም ያልጠራቸውን፣ ከጓሮ በኩል በኪራይ ይኖሩ የነበሩትን። የሰፈሩ ሙዚየም ያን ዕለት ሥራ ጀምሯል፤ ሕንፃው ሲገኝ ይገባበታል።